ስዕሉ ልክ፣ ግቢው እምቢ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የግቢና የአትክልት ቦታ ፕላን በኮምፒውተር ስለመሳል

ጥያቄ፦ የቦታዬ ካርታ 14 በ22 ነው የሚለው። በኦቶካድ (የፕላን መሳያ ፕሮግራም ነው) «ሬክታንግል» ብዬ በዚሁ ልክ ሳልኩና የእግር መንገዱን፣ መደቦቹንና ዳሱን ደለደልኩበት። ሠራተኞቹ ችካል ሲመቱ ግን መንገዱ በአንደኛው ጫፍ አጥሩ ውስጥ ገባ። የቱ ጋ ተሳሳትኩ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሬክታንግል ያልዎት ጊዜ ነው የተሳሳቱት። ያ ትዕዛዝ አራቱም ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው ብሎ ይነሳል፤ የሰፈር አጥር ደግሞ እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። አራት ጣውላ ጫፍ ለጫፍ በምስማር አያይዘው ቢገፉት ይንጋደዳል፣ የጎኖቹ ርዝመት ግን አይለወጥም። የሚያጸናው ከማዕዘን ማዕዘን የሚሄደው ሰያፍ ነው። ስለዚህ ከአራቱ ጎን ሌላ ቢያንስ አንድ ሰያፍ ይለኩ፤ ሁለተኛውን ደግሞ ለማረጋገጫ።

በቁጥር እንየው። ማዕዘኖቹን በዙሪያው ቅደም ተከተል ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንበላቸው። በሜትሮ ሀ–ለ 22.00፣ ለ–ሐ 14.00፣ ሐ–መ 22.35፣ መ–ሀ 13.60፣ ሰያፉ ሀ–ሐ ደግሞ 25.70 ሜትር ወጣ እንበል። ኤፍ3ን ተጭነው ስናፑን፣ ማለትም ጠቋሚውን ልክ ነጥቡ ላይ የሚያሳርፈውን፣ ያብሩ፤ «ኢንድፖይንት» (የመስመር ጫፍ) እና «ኢንተርሴክሽን» (መገናኛ) መመረጣቸውን ይዩ። 22.00 ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ መስመር ይሳሉ፤ ግራው ሀ፣ ቀኙ ለ ነው። ሀን ማዕከል አድርገው ሬዲየሱ 25.70 የሆነ ክብ፣ ለን ማዕከል አድርገው 14.00 የሆነ ክብ ያዙሩ። ክቦቹ ሁለት ቦታ ይቋረጣሉ፤ ግቢው ባለበት በኩል ያለው መገናኛ ሐ ነው። «መ»ን ለማግኘት ከሀ 13.60፣ ከሐ 22.35 አዙረው እንደገና መገናኛውን ይያዙ። ነጥቦቹን በአንድ ፖሊላይን (እንደ አንድ የሚቆጠር የተያያዘ መስመር) ካያያዙ በኋላ ክቦቹን ያጥፏቸው።

አሁን «ዲስት» ብለው ከ«ለ» እስከ «መ» ይለኩ፤ 26.53 ይላል። ግቢው ላይም ሜትሮው ከዚህ በ2 ወይም በ3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢለይ ልኬትዎ ጤነኛ ነው። 10 ሴንቲ ከተለየ ከስድስቱ ልኬቶች ቢያንስ አንዱ ተሳስቷል፤ ስዕሉን ለማስማማት ከመጎተት ይልቅ ሜትሮውን ይዘው መመለስ ይሻላል።

የ«ለ» ማዕዘን እዚህ የሚወጣው 88.2 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ90 ብዙም የራቀ አይመስልም፤ 14 ሜትር ርቀት ላይ ግን ሐ ወደ ውስጥ 44 ሴንቲ ሜትር ገብቷል ማለት ነው። መንገድዎን የበላው ይህን የመሰለ ልዩነት ነው። ስፋቱን ብቻ ያየ ሰው እንኳ አይነቃም፤ ይህ የተንጋደደ ቅርጽ 305.8 ካሬ ሲሆን ቀጥ ያለው 14 በ22 ደግሞ 308 ነው።

ቤቱ መሀል ላይ ቆሞ ሰያፉን ከከለከለስ? የቤቱን ረጅም ግድግዳ መነሻ ያድርጉት። የግድግዳውን ሁለት ጫፍ ይሳሉና እያንዳንዱን የአጥር ማዕዘን፣ ዛፍና የውሃ ቧንቧ ከሁለቱም ጫፎች ለክተው በዚያው የክብ ዘዴ ያስቀምጡ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ሁለቱ ልኬቶች ነጥቡ ላይ በጣም በጠበበ ማዕዘን መገናኘት የለባቸውም። ማዕዘኑ 15 ዲግሪ ሲሆን የ1 ሴንቲ ስህተት ወደ 4 ሴንቲ ያድጋል፤ ከ30 በታች ከሆነ ሌላ መነሻ ይፈልጉ። ሜትሮው ደግሞ የብረት ይሁን፤ የጨርቁ ሲጎትቱት ይለጠጣል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አዲስ አበባ ያለውን የእናቴን ግቢ ፕላን እየሳልኩ ነው። ከኢንተርኔት ያወረድኩት የዛፍ ስዕል ሳስገባው ሙሉ ሰፈሩን የሚሸፍን ግዙፍ ይሆናል። ደግሞ ወንድሜ በስልኩ ጂፒኤስ የላከልኝ ነጥብ ካርታው ላይ ካሉት ቁጥሮች ጋር አይገጥምም።

መልስ፦ የሁለቱ ምክንያት የተለያየ ነው። ዛፉን ያገዘፈው አሀዱ ነው። አሜሪካ የተጫነ ኦቶካድ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ፋይል የሚከፍተው በኢንች ነው። እርስዎ «22» ሲሉ 22 ሜትር ማለትዎ ነው፣ ፋይሉ ግን 22 ኢንች ብሎ ይዞታል። ስለዚህ በሜትር የተሠራ ዛፍ ሲገባ ወደ ኢንች ልቀይረው ብሎ በ39.37 ያባዛዋል፤ አናቱ 5 ሜትር የነበረው ወደ 197 ይሄዳል። «ዩኒትስ» ብለው የማስገቢያውን ስኬል ሜትር ያድርጉ፣ የገባውን ዛፍ ይሰርዙና እንደገና ያስገቡ። ከእንግዲህ ሲጀምሩም ስሙ ላይ «አይኤስኦ» ያለበትን ቴምፕሌት (መነሻ ፋይል) ይምረጡ፤ እሱ የሚከፍተው በሚሊ ሜትር ስለሆነ እዚያም ስኬሉን ወደ ሜትር ይቀይሩ። የዛፉ ፋይል ራሱ አሀድ የሌለው ከሆነ በእጅ ያስተካክሉ፦ ከሚሊ ሜትር ወደ ሜትር 0.001፣ ከኢንች ወደ ሜትር 0.0254። ዛፉን ሲስሉ ደግሞ የችግኙን ሳይሆን ያደገውን አናት ነው መሳል ያለብዎ። አቮካዶ በስዕል ላይ በ2 ሜትር ክብ በጣም ያምራል፤ ካደገ በኋላ ግን ከ6 እስከ 8 ሜትር ይፈልጋል።

የጂፒኤሱ ነገር ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ይዞታ ካርታዎች ላይ የኖሩት የማዕዘን ቁጥሮች በአዲንዳን ዳተም (ዳተም ማለት የቦታ ቁጥሮች የሚነሱበት የመሬት ልኬት መሠረት ነው)፣ በዩቲኤም በሚባለው የካርታ መረብ ዞን 37 ሰሜን የተሰሉ ናቸው። ስልክ የሚጠቀመው ደግሞ ደብሊውጂኤስ84 የተባለውን ሌላ ዳተም ነው። አንድ ቦታ ላይ ቆመው ሁለቱ የሚሰጡት ቁጥር ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃል። ማንም አልተሳሳተም። ሳይቀይሩ ማደባለቅ ነው ጥፋቱ። ለአትክልት ሥራ ከሆነ የስልኩን ነጥብ ይተዉት፤ ዳተሙ ቢስተካከል እንኳ ስልኩ በጥቂት ሜትሮች ይዋዥቃል። የካርታውን ማዕዘኖች ኤክስና ዋይ አስገብተው ቅርጹን ያውጡ፣ ከዚያ አንዱን ማዕዘን ወደ 0፣0 ያምጡት። በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ቁጥሮች ላይ የተቀመጠ ስዕል ስኬችአፕ ወደሚባለው የባለ ሦስት ገጽታ መሳያ ፕሮግራም ሲሄድ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ወንድምዎም ሁለቱን ሰያፎች በሜትሮ ለክተው ይላኩልዎ፤ የቆመው አጥር ሁልጊዜ ካርታውን ተከትሎ የቆመ አይደለም።

ጥያቄ፦ ፕላኑን 1፡100 አድርጌ ኮፒ ቤት አሳተምኩ። ግንበኛው በማስመሪያ ለክቶ ሲሠራ 3 ሜትር የነበረው ዳስ 2.12 ሆኖ ወጣ። (ከአዳማ)

መልስ፦ 2.12ን ለ3 ያካፍሉ፤ 0.707 ነው። ይህ ከኤ3 ወደ ኤ4 የመቀነሻ ቁጥር ነው። ኮፒ ቤቱ ወረቀቱን ሲቀይር «ፊት ቱ ፔጅ» (ስዕሉን በገጹ ልክ አሳንስ) የሚለው በርቶ ነበር። ስዕሉን ሞዴል ላይ በእውነተኛው ልክ፣ አንድ ለአንድ ይሳሉት፤ መቀነሱን ለሌይአውቱ፣ ማለትም ለማተሚያው ገጽ፣ ይተዉለት። ሌይአውት ላይ ኤ3 ይምረጡ፣ የመመልከቻ መስኮቱን 1፡100 አድርገው (በሜትር ለተሳለ ስዕል 1 ሜትር በወረቀቱ ላይ 10 ሚሊ ሜትር እንዲሆን) ይቆልፉት። 22 ሜትር 220 ሚሊ ሜትር፣ 14ቱ 140 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ ኤ3 420 በ297 ስለሆነ ይበቃል። 1፡50 ግን 440 ስለሚጠይቅ አይገባም። ፒዲኤፉን ሲልኩ «በትክክለኛው መጠን፣ ያለ ማሳነስ» ብለው ይንገሩ። ወረቀቱ ጥግ ላይ የ5 ሜትር መለኪያ መስመር ይሳሉ፤ ታትሞ 50 ሚሊ ሜትር ካልሆነ ወረቀቱን አይቀበሉ።

ከሁሉ በላይ ግንበኛው ማስመሪያ እንዲያነሳ አያስፈልግም ነበር። ልኩ በቁጥር ይጻፍለት፣ ሁሉም ከአንድ ማዕዘን ተነስቶ፦ የዳሱ ምሰሶዎች 2.40፣ 4.80፣ 7.20 እያሉ ይሂዱ። በየመሀሉ «2.40» ብቻ ከተጻፈ ሠራተኛው ከምሰሶ ምሰሶ እየለካ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ቢስት አሥረኛው ምሰሶ ላይ 9 ሴንቲ ይጠራቀማል።

ጥያቄ፦ ግቢው ከበሩ እስከ ጓሮው 1.40 ሜትር ይወርዳል። ደረጃውን እንዴት ላስላ? (ከጎንደር)

መልስ፦ የአንዱን ከፍታ ሁለት ጊዜ ወስደው መርገጫውን ሲደምሩበት ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ቢሆን እግር አይደናቀፍም። 140ን በ9 ሲያካፍሉ 15.6 ሴንቲ ይወጣል፤ መርገጫውን 32 ቢያደርጉ ድምሩ 63 ነው። ዘጠኝ ከፍታ ስምንት መርገጫ ነው የሚኖረው፣ ምክንያቱም የመጨረሻው መርገጫ ራሱ መሬቱ ነው። ስለዚህ ደረጃው 2.56 ሜትር ቦታ ይወስዳል። ዘጠኝ መርገጫ የሚስሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ደረጃው 32 ሴንቲ አልፎ መደብ ውስጥ ይገባል።

ቁልቁለቱን በዐይን አይገምቱ። ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልተው ሁለቱን ጫፍ ችካል ላይ ይያዙ፤ ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም ከዚያ እስከ መሬት ያለውን ለክተው ያወዳድሩ፤ ውስጡ አረፋ ካለ ልኩ ውሸት ነው። በተዳፋት ላይ ሜትሮ መሬት ለመሬት አይዘረጋ። 20 ሜትር ላይ 2 ሜትር የሚወርድ ቦታ በሰያፍ ሲለካ 20.10 ይሆናል፤ ፕላኑ የሚፈልገው ግን አግድሙን 20.00 ነው።

ጥያቄ፦ 6 በ9 ሜትር የጓሮ ቦታ ላይ የጠብታ መስኖ መዘርጋት እፈልጋለሁ። 500 ሊትር ሮቶ ማማ ላይ አለኝ። ምን ያህል ቱቦ እንደምገዛ ከስዕሉ ማውጣት ይቻላል? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ይቻላል፣ ከዚያም በላይ ያወጣል። መጀመሪያ አንድ መደብ ብቻ ይሳሉ፦ ወርዱ 1.00፣ ርዝመቱ 8.50። የቀረው ግማሽ ሜትር ለዋናው ቱቦና ለመዝጊያው ነው። ከሁለቱ ረጅም ጎኖች በ«ኦፍሴት» 0.25 ወደ ውስጥ ሲገቡ ሁለት የጠብታ መስመር ያገኛሉ፤ በመካከላቸው 50 ሴንቲ ይቀራል። ከዚያ «አሬይ» ብለው መደቡን ከነመስመሮቹ አራት ጊዜ ይደርድሩ። ርቀቱን ሲጠይቅ ብዙ ሰው 0.50 ይጽፍና መደቦቹ ይደራረባሉ። ፕሮግራሙ የሚጠይቀው የመሄጃውን ስፋት ሳይሆን ከአንዱ መደብ ጠርዝ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ጠርዝ ያለውን ነው፤ መደብ 1.00 ሲደመር መሄጃ 0.50፣ ማለትም 1.50። አራቱ መደብ 5.50 ይይዛሉ፤ የተረፈው 50 ሴንቲ በአጥሩ በኩል መረማመጃ ይሁን።

ስምንት መስመር በ8.50 ሲባዛ 68 ሜትር ነው። ለመታጠፊያ፣ ለጫፍ መዝጊያና ለብልሽት አንድ አሥረኛ ጨምረው 75 ሜትር ይግዙ። ቀዳዳዎቹ በየ30 ሴንቲው ከሆኑ «ሜዠር» ብለው 0.30 ይስጡት፤ በአንድ መስመር 28 ነጥብ ያስቀምጣል፣ በጠቅላላው 224። ነጥቦቹ ካልታዩ ጠፍተው አይደለም፤ በ«ፒታይፕ» የነጥቡን ቅርጽ ወደ መስቀል ይቀይሩ።

ውሃው ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። ቱቦው ላይ «1.6 ሊትር በሰዓት» የሚል ካለ በ1 ባር ግፊት ማለት ነው። ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ከመደቡ 2 ሜትር ከፍ ቢል የሚያገኙት 0.2 ባር ብቻ ነው። ፍሰቱ ግፊቱን እኩል ተከትሎ አይወርድም፤ የግፊቱን ስኩዌር ሩት ይከተላልና በአንድ ቀዳዳ ወደ 0.72 ሊትር ይሆናል። በ224 ሲባዛ በሰዓት 160 ሊትር ያህል ነው፤ ሙሉ ሮቶ ከሦስት ሰዓት ትንሽ በላይ ያጠጣል፣ ውሃው እየጎደለ ሲሄድም ፍሰቱ እየቀነሰ። ግፊት አስተካካይ ያለውን ውድ ቱቦ አይግዙ፤ በዚህ ዝቅተኛ ግፊት አብዛኛው በአግባቡ አይሠራም።

መሬቱ ከዳገት ወደ ቁልቁል 40 ሴንቲ ቢለያይ የታችኛው መደብ ግፊት በአንድ አምስተኛ፣ ውሃው ደግሞ በአንድ አሥረኛ ይበልጣል። ስለዚህ መስመሮቹን በቁልቁለቱ አቅጣጫ ሳይሆን አግድም ያስኪዷቸው፣ ለእያንዳንዱ መደብም መዝጊያ ያድርጉለት። ከሮቶው መውጫ ላይ ማጣሪያ ይግባ፤ ካልገባ ቀዳዳዎቹ በደለል ይደፈናሉ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ 4 ጂቢ ራም ነው ያለው። ኦቶካድ ይንቀራፈፍብኛል። (ከጅማ)

መልስ፦ ሊብሬካድ ይጫኑ። ነጻ ነው፣ ቀላል ነው፣ እዚህ የተወራው ሁሉ የሚጠይቀው ባለ ሁለት ገጽታ ስዕል ብቻ ነው። ፋይሉን በዲኤክስኤፍ (ሌሎች ፕሮግራሞችም በሚከፍቱት የስዕል ፋይል ዓይነት) ያስቀምጡ፤ የኦቶካድ የራሱ የሆነው ዲደብሊውጂ ላይ ይቸገራል። የተመረጡ መስመሮችን ጠቅላላ ርዝመት «ኢንፎ» ከሚለው ማውጫ ይሰጥዎታል፤ ለቱቦ ቆጠራ እንዲያውም ከኦቶካድ ይፈጥናል።