ዲዮኒሶስ እና ዲዮናስዮስ

ጥያቄ፦ የጥንት ግሪኮች የወይን አምላክ አንድ ቦታ «ዲዮኒሰስ»፣ ሌላ ቦታ «ዲዮናስዮስ» ተብሎ አነበብኩ። ዲዮናስዮስ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለ ሰው አይደለም እንዴ? ትክክሉ የቱ ነው? ትርጉሙስ?

መልስ፦ ልክ ነዎት፣ ዲዮናስዮስ ሰው ነው። ጳውሎስ አቴና ላይ ሲሰብክ ካመኑት አንዱ ነው (የሐዋርያት ሥራ 17፥34)። የወይኑ አምላክ ዲዮኒሶስ ነው። ስሞቹ ግን ይዛመዳሉ። የሰውየው ስም በግሪክኛ «የዲዮኒሶስ የሆነ» ማለት ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ዮስ» የኛን የ«-አዊ»ን ሥራ ትሠራለች። ክርስትና ሲመጣም ስሙ አልቀረም፣ ጳጳሳት ሳይቀሩ ተጠሩበት። የፈረንጆቹ ዴኒስም ከዚሁ የወጣ ነው።

«ዲዮኒሰስ» የእንግሊዝኛውን ፊደል እያዩ የጻፉት ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው እንኳ እንዲህ አይሉትም። ጳውሎስ፣ ማርቆስ፣ ፊልጶስ ስንል ለኖርን ሰዎች «ዲዮኒሶስ» ምን ይከብዳል?

ወደ ትርጉሙ ስንመጣ፣ የስሙ መጀመሪያ የአባቱ የዜውስ ነው። ዜውስ የሚለው ስም በግሪክኛ ሲረባ መልኩን ይለውጣል፤ «የዜውስ» ለማለት «ዲዮስ»፣ «ዜውስን» ለማለት «ዲያ» ይባላል። የልስጥራን ሰዎች በርናባስን «ድያ አሉት» የሚለውን ያስታውሳሉ? (የሐዋርያት ሥራ 14፥12) ያ ድያ ዜውስ ነው! ተርጓሚዎቹ ተሳቢውን እንዳለ ወስደውታል።

«ኒሶስ» የሚለው ክፍል ግን እስከ ዛሬ ሊቃውንቱን እንዳከራከረ ነው። ስሙ በጣም ያረጀ ነው፤ ፒሎስ በተባለች የግሪክ ከተማ በተገኙ፣ ከ3,200 ዓመት ገደማ በፊት በተጻፉ የሸክላ ጽላቶች ላይ «ዲዎኑሶ» ተብሎ ይነበባል። ባኮስም የእሱው ሌላ ስም ነው። ሮማውያን ከግሪኮቹ ወርሰው ስላስፋፉት ብዙ ሰው የላቲን ይመስለዋል።

ጥንታውያኑ «ኒሶስ»ን ያገናኙት አምላኩ በሕፃንነቱ ካደገበት ከኒሳ ተራራ ጋር ነው። ኒሳ የት ነው ቢሉ፣ እያንዳንዱ ጸሐፊ በየፊናው አንድ ቦታ ያሳይዎታል። ሄሮዶቶስ ደግሞ «ከግብፅ በላይ፣ ኢትዮጵያ» ይላል። ደስ ብሎን እንዳንቸኩል እንጂ፣ የእሱ ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተደቡብ፣ በዛሬው ሱዳን ያለው የነመርዌ አገር ነው። ስለዚህ «የወይን አምላክ ያደገው እኛ ጋ ነው» የሚለው ለጨዋታ ያምራል፤ ለጽሑፍ ግን አልመክርዎትም።