የአደጋ መዝገብ ለምታነቡ ወጣቶች

በመንገድ ደህንነት ሥራ ለተሰማራችሁ ወጣት መሐንዲሶችና የመረጃ ባለሙያዎች፤

የአዲስ አበባን የትራፊክ አደጋ መዝገብ ስትከፍቱ ቀድሞ ዓይናችሁን የሚስበው «የአደጋው መንስኤ» የሚለው ዓምድ ነው፤ በዚያም «ለእግረኛ ቅድሚያ ባለመስጠት» የሚለው ሐረግ ተደጋግሞ ይመጣል። ይህን ዓምድ በጥርጣሬ እንድታነቡት እመክራችኋለሁ። ቅጹን የሚሞላው ፖሊስ ተግባሩ ጥፋተኛውን ለይቶ ለሕግ ማቅረብ ስለሆነ፣ የሚመዘግበው ማን እንደሚጠየቅ እንጂ መንገዱ ምን እንደጎደለው አይደለም። የእናንተ ሥራ ግን መንገዱን ማስተካከል ነው። ስለዚህ ዜብራው ደብዝዞ እንደሆነ፣ የመንገድ መብራቱ ይበራ እንደሆነ፣ የቆሙ ታክሲዎች እይታ ይጋርዱ እንደሆነ ለማወቅ፣ አደጋው በደረሰበት ሰዓት እዚያው ቦታ ሄዳችሁ ቁሙ። ቢሮ ተቀምጦ ካርታ ላይ ነጥብ መደርደር እንደሚመች አልክድም። ይሁንና በቀለበት መንገድ አጥር ዘልሎ የሚሻገረውን እግረኛ ሥርዓት የለሽ ከማለታችሁ በፊት፣ ሸክም የያዘ ሰው እስከ ማቋረጫ ድልድዩ ምን ያህል እንደሚዞር ለኩ።

ሰዓቱንም አጣሩ። «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈው 19:00 መሆን ሲገባው 1:00 ሆኖ ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ፣ ከሥራ ወደ ቤት በሚመለሱ ሰዎች ላይ የደረሰው አደጋ የእኩለ ሌሊት ጠጪዎች ጥፋት ይመስላችኋል። ከሐምሌ እስከ ሰኔ የተጠናቀረን የበጀት ዓመት ሪፖርትም ከጃንዋሪ በሚጀምር የፈረንጆች ዓመት ቁጥር ጋር አታነጻጽሩ። «ከባድ ጉዳት» ተብሎ ከተመዘገበ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቱ ያለፈ ሰውም አለ፤ በዓለም አቀፍ አሠራር በ30 ቀናት ውስጥ የሞተ ሰው በሟችነት ስለሚቆጠር፣ የፖሊስንና የሆስፒታልን መዝገብ ማመሳከር ግድ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያታልለው የውጤት ልኬት ነው። አንድ አደባባይ አምና ብዙ አደጋ ስለደረሰበት ተመርጦ ጉብታ ቢሠራበትና ዘንድሮ ቁጥሩ ቢወርድ፣ ምስጋናውን ለጉብታው ለመስጠት አትቸኩሉ፤ ያልተለመደ ዓመት ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይደረግም ወደ መደበኛው ይመለሳልና። የበርካታ ዓመታት አማካይ ውሰዱ፤ ምንም ካልተነካ ተመሳሳይ ቦታ ጋርም አነጻጽሩ። እንደ ለገሃር መጋጠሚያ በቀለምና በቀላል ቁሳቁስ የእግረኛ ቦታ በሚሰፋበት ስፍራ ደግሞ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የተሽከርካሪዎችን ፍጥነት መዝግቡ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ30 ከሚሄደው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ የግጭት ኃይል ስላለው፣ የፍጥነቱ መቀነስ የሟቾች ቁጥር እስኪጠራቀም ሳትጠብቁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፍንጭ ይሰጣችኋል።