«ተጫወተው» ነው የሚለው፦ ከልጆች ጋር ስለማንበብ ጥያቄና መልስ

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ርዕስ ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር መጽሐፍ ቅዱስና ዳዊት ማንበብ ነው። መላሹን ታውቁታላችሁ። በልጅነቱ ከየኔታ እግር ሥር ዳዊት ደግሟል፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምሯል፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። ጠይቁት።

መላሽ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳንጀምር፣ «የኔታ» አትበሉኝ፤ የኔታ ሌላ ናቸው። የመዝሙር ቁጥር የምትጠቅሱም ከየትኛው እትም እንደሆነ ንገሩኝ፤ አለዚያ ስንጨቃጨቅ እናመሻለን።

ሰሚት፦ ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ማታ መጽሐፍ ቅዱስ ላነብለት ስቀመጥ ያዛጋል፣ ውኃ ጠማኝ ይላል፣ ሽንቴ መጣ ይላል። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ስንት ምዕራፍ ነው የምታነቢለት? አንድ ሙሉ ምዕራፍ ከሆነ እኔም አዛጋለሁ።

እኅቴ፣ ዘዳግም 6ን ክፈቺ። ቃሉን «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ይላል። የመጨረሻዋን ቃል እይልኝ። «አስጠናው» አላለም፣ «ፈትነው» አላለም። ተጫወተው! የኛ ሰው «ና እንጫወት» ሲል ኳስ ማለቱ አይደለም። ቡና ተፈልቶ የሚወራውን ወሬ ነው የሚለው። ታክሲ ስትጠብቁ፣ ሽንኩርት ስትከትፊ፣ ጫማውን ስታስሪለት የሚወራ ነገር ማለት ነው። ማታ መኝታ ላይ አምስት ቁጥር አንብቢለትና ዝጊው። ነገ ጠዋት መንገድ ላይ «ዮሴፍን ወንድሞቹ ጉድጓድ ውስጥ ሲጥሉት ምን ያሰበ ይመስልሃል?» በይው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚው።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ አጥፍቼ ነው የተማርኩት። የበኩር ልጄ 8 ዓመት ሲሆነው «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» ብሎ መዝሙር 1ን በግዕዝ በቃሉ ካልወጣ እራት የለም አልኩት። ወጣው። እኔም ጎረቤት ሰብስቤ አስባልኩት፣ ኮራሁ። በሳምንቱ የአያቴ ዳዊት ከነማኅደሩ ጠፋ። ሌባ ነው ብለን ሠራተኛዋን ሁሉ ተጠራጥረን ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ባለቤቴ የሽሮውን እንስራ ስትገለብጥ ዳዊቱ ታች ተቀብሮ ተገኘ። ቆዳው እስከ ዛሬ ሽሮ ሽሮ ይላል። ልጁ ዳዊትን አልጠላም፤ የጠላው እኔን ነው። ስለዚህ አታስገድዱ። ዛሬ ማታ ይህን ደጋግሜ እላለሁ።

አዲስ አባት፦ ጥሩ መንፈሳዊ መጽሐፍ ይጠቁሙን።

መላሽ፦ ለማን? ዕድሜው ስንት ነው? ማንበብ ይችላል? በምን ቋንቋ? «ጥሩ ጫማ ጠቁሙኝ» እንደማለት ነው። ጫማ ቁጥር አለው።

ገርጂ፦ ዳዊትን ከልጆች ጋር ከየት እንጀምር? 150 መዝሙር ሳየው ያስፈራኛል።

መላሽ፦ ይሄ ጥያቄ ነው!

መጀመሪያ አንድ ነገር አስተውሉ። ዳዊት «ይደገማል» እንጂ «ይነበባል» ብዙም አንልም። ደገመ ማለት መልሶ አለው ማለት ነው። ልጅ ደግሞ መድገም ይወዳል። አንዱን ተረት መቶ ጊዜ ንገሩኝ የሚለው ማን ሆነና? ስለዚህ አዲስ አዲስ መዝሙር አታባርሩ። አንዱን ያዙና ወር ቆዩበት።

ከ116 ጀምሩ። ሁለት ቁጥር ብቻ ናት፤ የመጨረሻዋ አጭር እሷ ናት። ልጁ በመጀመሪያው ማታ «አንድ መዝሙር ጨረስኩ» ብሎ ይተኛል። ቀጥሎ 22ን፣ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን። እረኛ አይቶ የማያውቅ የኮንዶሚኒየም ልጅ ከሆነ ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ገጠር ስትወጡ እረኛ አሳዩት። በትሩን ይንካው። ከዚያ በኋላ መዝሙሩን መግለጽ አያስፈልጋችሁም።

ፊደል ለለየ ልጅ ደግሞ 118 አለላችሁ። ከሁሉ ረጅሟ ናት፣ 176 ቁጥር። ግን አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እየተባለ በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ተከፍላለች። እያንዳንዱ ክፍል ስምንት ቁጥር ነው። በቀን አንድ ፊደል፣ በ22 ቀን ታልቃለች። እኛ ቤት ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፈን ያለቀውን ፊደል ልጆቹ ቀለም ይቀቡታል። ትንሿ «ዛሬ የእኔ ፊደል ነው» ብላ ትጣላለች።

አዋቂዎቹ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያሉ በሳምንት የሚጨርሱበት ሥርዓት አለ። እሱ ለእናንተ ነው፤ ልጅ ላይ አትጫኑት።

የካ፦ 22 አይደለም፣ 23 ነው። እኔ ስልኬ ላይ 23 ነው የሚለው።

መላሽ፦ ገና ሳንጀምር ምን ብዬ ነበር? የኛ ዳዊት የሰባ ሊቃናትን፣ ማለትም የጥንቱን የግሪክ ትርጉም ቆጠራ ይከተላል። እዚያ 9ኛው አንድ የሆነው በዕብራይስጡ 9 እና 10 ሆኖ ተከፍሏል። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አካባቢ አንድ ቁጥር ይበላለጣል። በስልክህ 23 ያለው በዳዊት 22 ነው። 117 ያለው 116፣ 119 ያለው 118። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አትጣሉ።

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ ይቅርታ መምህር፣ እኔ ግን በአማርኛ ዳዊት ማስጀመሩ አይጥመኝም። አባቶቻችን በግዕዝ ነው ያቆዩን። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ትናንት በጃንሆይ ጊዜ የመጣ ነው።

የካ፦ ልጁ የማይገባውን ነገር እንደ በቀቀን ቢለው ምን ይጠቅመዋል?

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ አንተ «ሃሌ ሉያ» ስትል በየትኛው ቋንቋ እያልክ ነው?

የካ፦ ሃሃ፣ ይቺን ወድጃታለሁ።

መላሽ፦ ወንድሜ፣ ግዕዙን ውደደው፤ ታሪኩን ግን አታሳጥር። ሙሉው አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1840 ታትሟል። የተረጎሙት ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ አብርሃም ናቸው። ፈረንጆቹ አቡ ሩሚ የሚሏቸው። ካይሮ ተቀምጠው ዓመታት ደክመውበታል። የጃንሆዩ የምንለው በ1954 ዓ.ም. የወጣው ነው። 81ዱን መጻሕፍት አሟልቶ በአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ያሳተመችው ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ነው።

ለቤት ሁለቱንም ያዙ። ልጁ መጀመሪያ በአማርኛ ይግባው፣ ከዚያ የመጀመሪያዋን መስመር በግዕዝ ይበላት። እኔ እንደ አባቴ በግዕዝ ብቻ ጀምሬ የሽሮ ዳዊት አተረፍኩ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እዚህ አሜሪካ ነን። ልጆቼ 9 እና 12 ናቸው። አማርኛ ይሰማሉ፣ ማንበብ ግን አይችሉም። ሀ ሁን በዜማ ይሏታል። መጽሐፍ ስሰጣቸው ግን ፊደሉን አይለዩም።

መላሽ፦ የሸመደደ ሁሉ እንዲህ ነው። መድኃኒቱን የድሮ መምህራን ሠርተው አስቀምጠውልናል፤ አቡጊዳ ይባላል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» የተባለው ለጌጥ አይደለም። ከአንዱ ፊደል ግዕዙን (አንደኛውን ቅርጽ)፣ ከቀጣዩ ካዕቡን (ሁለተኛውን)፣ ከዚያ ሣልሱን (ሦስተኛውን) እያለ በሰያፍ ይሄዳል። በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል፤ ዓይኑ ፊደሉን ማየት ግድ ይሆንበታል። እኛ ስንማር ከዚያ ቀጥሎ የዮሐንስ መልእክት ነበር፤ ቁጥር፣ ግዕዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ የሚባሉትን የንባብ ደረጃዎች እያለፍን። ቁጥር ማለት እያንዳንዷን ፊደል በስንጥር እየነኩ መጥራት ነው። ስንጥሯን አትናቋት። ጣትም ይሆናል።

እስከዚያው ግን ወንጌሉን በሚያነቡት በእንግሊዝኛ ያንብቡ። አንቺ ያንኑ ክፍል በአማርኛ አንብቢላቸው። ፊደል እስኪለዩ ድረስ ቃሉን አታስጠብቂያቸው። የ12 ዓመቱን ደግሞ አታስገድጂው፤ ታናሹን እንዲያስተምር ሹሚው።

ጀሞ፦ ልጄ የ6 ዓመት ልጅ ናት። አያቷ የበላዔ ሰብን ታሪክ ነገረቻትና ሦስት ሌሊት አልተኛችም። ተአምር ለልጅ ይነበባል?

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ እኛ ስንሰማው አደግን፣ ምን ሆንን?

ጀሞ፦ አንተ ሌሊት ማን አብሮህ እንደሚተኛ አላውቅም፤ እኔ ጋር ግን ልጅቷ አልጋዬ ላይ ናት።

ሰሚት፦ 😂

መላሽ፦ አያት ሲነግሩ የሚበዛው 78 ሰው መብላቱ ነው። ታሪኩ ግን የሚነገረው ለአንዲት እፍኝ ውኃ ነው። ያ ሁሉ ጨካኝ ሰው፣ አንድ በሽተኛ በእመቤታችን ስም ውኃ ሲለምነው ራራ። ለ6 ዓመት ልጅ «ማንም የማይወደው በጣም ክፉ ሰው ነበር፤ አንድ ቀን ለተጠማ ሰው ውኃ ሰጠ» በያት። የቀረውን ስታድግ ትሰማዋለች። አያቷን አትቆጪ። ለየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረትን ስታነግሡ ልጅቷ ለሰው ውኃ ትቅዳ። ፍርሃቱ ያኔ ይወጣላታል።

ስም አይጠቀስ፦ ባለቤቴ ፕሮቴስታንት ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ልጆቹን በየትኛው እናሳድግ?

መላሽ፦ ይሄ ለንስሐ አባትሽ ነው። እኔ እዚህ አልመልሰውም።

የካ፦ ወንጌሉ አንድ አይደለም እንዴ? አብረው ያንብቡ...

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ እንዴት አንድ ይሆናል? ጀመርክ ደግሞ!

አወያይ፦ ከዚህ በታች የነበሩትን አሥራ አንድ መልእክቶች አንስቻቸዋለሁ። ወደ ርዕሱ።

መሳለሚያ፦ በስልክ ማንበብ ይቻላል?

መላሽ፦ ይቻላል። ግን አንተ ስልክ ላይ ስታነብ ልጅህ የሚያየው አባቱ ስልክ ሲነካካ ነው። መጽሐፍ ይሻላል።

አያት፦ የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ናት። እኔ ማንበብ አልችልም ልጄ። ቅዳሴና ስብከት ሰምቼ ነው ያደግሁት። ለእነዚህ ልጆች ምን ልስጣቸው?

መላሽ፦ እናቴ፣ እርስዎን እየጠበቅኩ ነበር መሰለኝ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍለት እምነትህ ቀድሞ በአያትህ በሎይድ፣ በእናትህም በኤውንቄ ነበረ ነው ያለው። አያቲቱን አስቀደመ።

የልጅ ልጅዎ ጮክ ብላ ታንብብልዎ። በሐዋርያት ሥራ 8 ያ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሠረገላ ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ሰማው። ጮክ ብሎ ባያነብ ኖሮ ማን ይሰማው ነበር? «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ነው ያለው። ልጅቷ ታንብብ፣ እርስዎ ይምሩ። «ይቺን አባ እንዲህ ብለው ሰብከዋት ነበር» ይበሏት። በሰንበት ከቅዳሴ በኋላም እጇን ይዘው የቤተ ክርስቲያኑን የግድግዳ ሥዕል ያሳይዋት። ፊደል ያልቆጠሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን ወንጌሉን ያነበቡት ከዚያ ነው።

አያት፦ እግዚአብሔር ያክብርህ። ልጅቷ እያለቀሰች ነው የምትጽፈው።

ገርጂ፦ ዐቢይ ጾም ላይ በቤት ምን እናንብብ?

መላሽ፦ ግጻዌ ያላችሁ ግጻዌውን ክፈቱ፣ የየዕለቱ ምንባብ እዚያ አለ። የሌላችሁ የእሑዶቹን ስም ያዙ፤ ስማቸው ራሱ ወደ ምንባቡ ይመራችኋል። መፃጉዕ ሲባል ዮሐንስ 5፣ 38 ዓመት የታመመው ሰው። ደብረ ዘይት ሲባል ማቴዎስ 24። ገብር ኄር ማቴዎስ 25፣ የመክሊቱ። ኒቆዲሞስ ዮሐንስ 3። ቅዳሜ ማታ አንብቡት። እሑድ ቄሱ ሲያነቡት ልጁ «ይሄን አውቀዋለሁ!» ብሎ ልብሳችሁን ይጎትታል። ያኔ «ዝም በል» እንዳትሉት።

ቃሊቲ፦ ባለቤቴ አብሮን አያነብም፣ ምን ላድርግ?

መላሽ፦ አታስገድጂው። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢ፤ ጆሮ አለው።

አዲስ አባት፦ መምህር ጥያቄዬ ታለፈ። ጥሩ መጽሐፍ ይጠቁሙን ብዬ ነበር።

መላሽ፦ አልታለፈም፣ መልሼ ጠይቄህ ነው። ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው?

አዲስ አባት፦ ገና አልተወለደም። ሁለት ወር ቀርቶታል።

መላሽ፦ እንግዲያው አንተ አንብብ። ማርቆስን፤ 16 ምዕራፍ ነው። በቀን አንድ ምዕራፍ ብትል እንኳ ልጁ ሳይወለድ ሦስት ጊዜ ትጨርሰዋለህ።

ሰሚት፦ የሽሮው ዳዊት ፎቶ ይለጠፍልን!

መላሽ፦ ትልቁ ልጄ ወስዶታል። አሁን እሱ ጋ ነው።