ፒች ስትጀምሪ ከእናትየዋ ጀምሪ

እህቴ፣ «ቅዳሜ ዳኞች ፊት 5 ደቂቃ ተሰጥቶኛል፤ የሕፃናት ምጥን ማምረቻዬን ሳቀርብ ምን ብዬ ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ አራት ጊዜ ፒች አድርጌያለሁ፤ ፒች ማለት የሥራ ሐሳብን በአጭር ጊዜ ለውድድር ዳኞች ማቅረብ ነው። የመጀመሪያው ላይ የሠራሁትን ስህተት እንዳትደግሚው ልንገርሽ።

ያኔ የያዝኩት ለሰፈር ሱቆች የዱቤ መዝገብ የሚይዝ አፕ ነበር። «የተከበራችሁ ዳኞች፣ በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁን...» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ስሜ፣ የተማርኩበት፣ የድርጅቱ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት። ቀና ስል አንደኛው ዳኛ ስልኩን እየነካካ ነው። «ዱቤ» የምትለዋን ቃል ሳልጠራ ሁለት ደቂቃ አልፏል።

በሁለተኛው ፒች ከሰፈራችን ባለሱቅ አንድ ያለቀ ደብተር ለምኜ ይዤ ሄድኩ። ሽፋኑ ዘይት የጠጣ፣ ጠርዙ የተበላ። ከፍ አደረግኩትና «ይህ የአንድ ባለሱቅ ደብተር ነው። 43 ባለዕዳ አለበት። ዘጠኙን ባለሱቁ ራሱ ዛሬ አያስታውሳቸውም፤ የማሙሽ እናት፣ ቀዩ ሹፌር ብሎ ነው የጻፋቸው» አልኩ። አንዷ ዳኛ «እስኪ ልየው» ብላ እጇን ዘረጋች። ያን ቀን አላሸነፍኩም። ግን የተጠየቅኩት ሁሉ ስለ ሥራው ነበር።

አንቺም ከዱቄቱ አትጀምሪ፤ ከእናትየዋ ጀምሪ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ልጅ ተጨማሪ ምግብ የሚጀምረው ደግሞ 6 ወር ሲሞላው ነው። ምጥን በሚያስፈልግበት ጊዜ እናትየው ሥራ ከተመለሰች ሦስት ወር ሆኗታል ማለት ነው። እህሉ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይቆላል፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። መቼ ትሥራው? ይህን በዓይንሽ ባየሻት አንዲት ሴት ንገሪያቸው። እህትሽም ጎረቤትሽም ትሁን። ያላየሽውን ግን አትፍጠሪ፤ ዳኛ አንድ ጥያቄ ሲጨምር ይታወቅብሻል።

ወዲያው ሥራሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስከትይ፦ «እኛ ያን ሁሉ ሠርተን፣ አሽገን፣ ሰፈሯ ሱቅ እናደርስላታለን።» እስከዚህ ከ40 ሰከንድ አይለፍ። ስምሽና ትምህርትሽ ከዚያ በኋላ፣ ባጭሩ።

ቋንቋውንም አስቢበት። ብዙዎቻችን በእንግሊዝኛ ካልሆነ የሚያከብሩን አይመስለንም። አዘጋጆቹን ጠይቂ፤ ዳኞቹ በሙሉ አማርኛ የሚሰሙ ከሆነ በአማርኛ አቅርቢ። ሰው ሲደነግጥ ቶሎ የሚጠፋበት የተዋሰው ቋንቋ ነው።

ደግሞ መክፈቻሽ ስላይድ የማይፈልግ ይሁን። ላፕቶፑ ከፕሮጀክተሩ ጋር አልገናኝ ሲል ስንት ሰው ላብ በላብ ሲሆን አይቻለሁ! አንድ እሽግ ምጥን በእጅሽ ያዢ፣ ይበቃል። በቃልሽ የምትይዢው መክፈቻውን ብቻ ነው። ሌላውን ከሸመደድሽው አንዲት ቃል ስትረሺ ሁሉም ይበተንብሻል።

ዛሬ ማታ መክፈቻውን በስልክሽ ቅጂና ስለ ሥራሽ ምንም ለማያውቅ ሰው አሰሚው። «ምን ይዤ የመጣሁ ይመስልሃል?» በይው። ካልመለሰልሽ እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለሽ፤ ቀይሪው።