መልስ፦ አባቴ ጠጪ ነበር፣ እኔስ ምርጫ አለኝ?

ወንድሜ፣ ሱስን ከአባትህ በዘር ከወረስክ «የራሴ ፈቃድ ምን ዋጋ አለው?» ብለሃል። ዘር ድርሻ አለው፤ አይካድም። የመንትዮች ጥናቶች የመጠጥ ሱስ ተጋላጭነት ልዩነትን ግማሽ ያህል ለዘረመል ይሰጣሉ። ይህ ግን የብዙ ሰው ስሌት ነው እንጂ አንተ 50 በመቶ ሰካራም ነህ ማለት አይደለም።

ደግሞ አንድ «የጠጪ ጂን» የለም። ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ሰውነት አልኮልን የሚያስወግድበትን መንገድ ይለውጣሉ። ኤኤልዲኤች2 የሚባለው ጂናቸው የተለየ ብዙ ጃፓኖችና ቻይናውያን በአንድ ብርጭቆ ቢራ ፊታቸው ቲማቲም ይመስላል፣ ልባቸው በፍጥነት ይመታል። ለሱስም ብዙ አይጋለጡም። ግን ፊታቸው እየቀላ የሚጨልጡም ሞልተዋል!

የእኔም አባት ያለ አረቄ አያድርም ነበር። እኔ የምወስነው ከመጀመሪያው መለኪያ በፊት ነው። ከሦስተኛው በኋላ ማን እንደሚወስን እንጃ።