መኪና ስትገዙና ስትሸጡ፦ ስለ ቀረጥና ስም ዝውውር የጅማ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ የቡድናችን አባላት። ሰሞኑን በየተራ ስትጠይቁኝ ስለነበር ዛሬ ማታ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ተቀምጫለሁ። ለማታውቁኝ፣ 14 ዓመት ትራንዚተር ነበርኩ። የሰው መኪና ከጉምሩክ ሳስወጣ ኖሬ ነው ወደ ጅማ የተመለስኩት። ስለ ቀረጥና ስለ ስም ዝውውር ጠይቁኝ። ሞተር ካንኳኳ መካኒክ ጋ ሂዱ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል፦ ሊብሬውን (የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር) በእጃችሁ ይዛችሁ ሳታነቡ ቀብድ አትክፈሉ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ፣ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መኪና ልገዛ ነው። ታክሱ ስንት ነው?

መልስ፦ የምን መኪና? የሰሌዳው ኮድ ስንት? ሻጩ ግለሰብ ነው ወይስ ድርጅት? ይህን ይዘህ ተመለስ።

ጥያቄ ከሌላ ሰው፦ የኔ ኮሮላ ነው፣ ኮድ 2። ሻጩ ግለሰብ ነው፣ በ1,200,000 ብር ተስማምተናል። ለመንግሥት የምንከፍለው ምንድን ነው?

መልስ፦ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይላል። ዋናው የቴምብር ቀረጥ ነው። በ1990 የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ንብረት በስም ሲዛወር ከዋጋው 2 በመቶ ይጠይቃል። ባንተ መኪና 24,000 ብር ማለት ነው። የውል ማረጋገጫና የምርመራ ክፍያም አለ፣ ግን ከቴምብሩ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሻጩ ግለሰብ ከሆነና ለቫት ካልተመዘገበ ቫት የለብህም። ቴምብሩን ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ተነጋገሩና ውሉ ላይ አስፍሩት። ብዙ ጊዜ ገዢው ነው የሚከፍለው። ሳይነጋገሩ ቀርተው መስኮት ላይ ሲጨቃጨቁ፣ ቁልፍ ነጥቀው የሄዱም አይቻለሁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሚስቱም ፊርማ ያስፈልጋል፤ ካላገባ ደግሞ ያላገባ ማስረጃ ይዞ ይምጣ።

አንድ አባል፦ ወንድሜ፣ ውሉ ላይ 400,000 ብለህ ጻፍ። ማን ያያል? ቴምብሩ 8,000 ይሆንልሃል።

ሌላ አባል፦ እኔም እንዲያ አድርጌ ነው የገዛሁት፣ ምንም አልሆንኩም።

ሦስተኛ አባል፦ እኔ ደግሞ ዝቅ አድርጌ ጽፌ፣ ግምቱን ራሳቸው አውጥተው በሱ አስከፈሉኝ። የውሉን ቁጥር ዞር ብለውም አላዩትም።

መልስ፦ ሦስተኛው ያለው ልክ ነው። ቀረጡን የሚያስከፍለው ቢሮ የራሱ ግምት አለው፣ ያንተ ቁጥር ዝቅ ካለ በሱ ነው የሚሠራው። ግን እኔን የሚያሳስበኝ እሱ አይደለም። ነገ መኪናው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ወይም የሻጩ ሚስት «አልፈረምኩም» ብላ ውሉን ብታስፈርስ፣ ፍርድ ቤት ቆመህ የምታሳየው ወረቀት 400,000 ነው የሚለው። 800,000 ብርህን በምን ታስመልሳለህ? በምስክር? 16,000 ለማዳን ብለህ 800,000 አየር ላይ ሰቀልክ ማለት ነው። እውነተኛውን ዋጋ ጻፉ፤ ብሩንም በባንክ አስተላልፉ።

ጥያቄ ከአጋሮ፦ አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ከ3 ዓመት በፊት ዲኤክስ መኪና በውክልና ገዛሁ። ስሙን አላዞርኩም። ሻጩ ዘንድሮ ሞቱ። ውክልናው እጄ ላይ ነው፣ አሁን ስሙን ላዙር ብል ይሆናል?

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም ወንድሜ፣ አላህ ይማራቸው። አይሆንም። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልና ከሰውየው ጋር ይሞታል፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚለው ይህንን ነው። አሁን ወረቀቱን ይዘህ ብትቀርብ የሞተ ሰው ወኪል ነኝ ማለት ነው የሚሆንብህ። መንገዱ እንዲህ ነው። ልጆቻቸው ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያውጡ። ከዚያ ሁሉም ይፈርሙልህ። አንዱ ውጭ አገር ካለ ከዚያው ውክልና ይላክ። የከፈልክበት የባንክ ደረሰኝ ካለህ አውጣው። ለቅሶው ሳይቀዘቅዝ በወረቀት አታስጨንቃቸው፣ ግን ዓመትም አትጠብቅ። የሰው ሐሳብ ይለወጣል፣ የመኪናውም ዋጋ ይጨምራል።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ። በ2008 ቪትዝ መኪናዬን ለአንድ ነጋዴ በውክልና ሸጥኩ። ሥራዬ ወረቀት ሆኖ ሳለ እንዲህ ማድረጌ ዛሬም ያመኛል። 250,000 ብር ነበር፣ ቴምብሩ 5,000። ገዢው «በኋላ አዞረዋለሁ» አለኝ፣ እሺ አልኩ። ከ2 ዓመት በኋላ መኪናው ሰኮሩ አካባቢ አንድ ገበሬ ገጨ። ሦስተኛ ወገን መድኑ ጊዜው አልፎ ነበር። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የኔ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ደግሞ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፣ ጥፋት ባይኖርበትም። የፍርድ ቤቱ መጥሪያ ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ በአራት ታጥፎ 8 ወር ከኔ ጋር ዞረ። እጥፉ ላይ ተበጥሶ ነበር። በመጨረሻ በሽማግሌ ጨረስን፣ እኔም ከፈልኩ። ሰውየው እግሩን አጥቷል፤ በመክፈሌ አልቆጭም። የሚቆጨኝ ለ5,000 ብር ብለን መድኑ የማን ኃላፊነት እንደሆነ እንኳ ሳይታወቅ መኪናውን መንገድ ላይ መልቀቃችን ነው።

ስለዚህ ሻጮች ስሙ! ገንዘብ ስለተቀበላችሁ አልተገላገላችሁም። ሊብሬው ላይ ስማችሁ እስካለ ድረስ መኪናው የእናንተ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በውክልና ብገዛ ይሻላል ወይስ ስም ባዞር?

መልስ፦ ከላይ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ እኮ። አንብብ።

ጥያቄ፦ ውክልናው «የማይሻር» ተብሎ ቢጻፍስ?

መልስ፦ «የማይሻር» መባሉ ብቻ ከሞት ያድነዋል ብላችሁ አትተማመኑ። ስም አዙሩ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ከማኅበር ወደ ማኅበር ሲዛወር ታክሱ እንዴት ነው?

መልስ፦ ማኅበርህን ጠይቅ። የግብር ክሊራንስ ከገቢዎች ሳታወጣ ግን አትጀምር።

ጥያቄ፦ ከድርጅት ኮድ 3 ፒክአፕ ልንገዛ ነው፣ ለቡና ሥራ። ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ድርጅቱ ለቫት የተመዘገበ ከሆነ ሲሸጥላችሁ 15 በመቶ ቫት ይጨምራል። የተነገራችሁ ዋጋ ቫትን ያካትታል ወይስ አያካትትም? አሁኑኑ ጠይቁና በጽሑፍ ተቀበሉ። በ2,000,000 ብር ላይ 300,000 ብር ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ትልቁ ነው። ኮድ 3 ፒክአፕ በኢንቨስትመንት ስም ከቀረጥ ነፃ የገባ ሊሆን ይችላል። ከቀረጥ ነፃ ማለት ቀረጡ ተሰርዟል ማለት አይደለም። መብቱ የተሰጠው ለዚያ ባለሀብት፣ ለዚያ ሥራ ነው። ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ሲሸጥ ቀረጡ መከፈል አለበት። ሳይከፈል እናንተ እጅ ላይ ቢያዝ ጣጣው የእናንተ ነው፣ መኪናው እስከ መወረስ ሊደርስ ይችላል። ከእርዳታ ድርጅትና ከኤምባሲ የሚወጡትም እንደዚሁ ናቸው።

ስንት ሊመጣ ይችላል ለምትሉ አንዴ እንደምር፣ ምክንያቱም ይህን ስሌት ሳያውቅ የሚገዛ ሰው በጣም ብዙ ነው። ለምሳሌ አንድ አዲስ የነዳጅ የቤት መኪና ወደብ ሲደርስ 1,000,000 ብር ነው እንበል፣ የጉምሩክ ቀረጡም 30 በመቶ። 300,000 ተጨመረ፣ 1,300,000 ሆነ። በ2012 በወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አዲስ የቤት መኪና የሞተሩ መጠን ከ1,300 ሲሲ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ ከሆነ 60 በመቶ ይከፍል ነበር። ይህ 60 በመቶ የሚሰላው በ1,000,000 ላይ አይደለም፣ በ1,300,000 ላይ ነው። 780,000 መጣ፤ 2,080,000 ሆነ። በዚያ ላይ ቫት 15 በመቶ፣ 312,000። 2,392,000 ደረሰ። በዚያ ላይ ደግሞ ሱር ታክስ (ተጨማሪ ታክስ) 10 በመቶ፣ 239,200። ድምሩ 2,631,200 ብር። አያችሁ? አንዱ በሌላው ራስ ላይ ነው የሚሰላው። የ1,000,000 ብር መኪና 1,631,200 ብር ቀረጥና ታክስ ተሸክሞ ነበር የሚገባው። ሲሲው ከ1,800 ካለፈ ኤክሳይዙ 100 በመቶ ነበር፣ ከ7 ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ ደግሞ እስከ 500 በመቶ ይደርስ ነበር። ደላላው «ይቺ በርካሽ የተገኘች ናት» ሲላችሁ ርካሽ ያደረጋት ያልተከፈለው ቀረጥ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሊብሬውን አንብቡ። ከቀረጥ ነፃ የሚል ጽሑፍ ወይም ማህተም ፈልጉ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው አካል ጋር ራሳችሁ አመሳክሩ፣ ጭቃውን በጨርቅ ጥረጉና በስልክ መብራት አንብቡ። ከዚያ ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም መኪናው ሲገባ የተሞላውን የጉምሩክ ሰነድ፣ ጠይቁ። «ጠፍቷል» ካሏችሁ ከጉምሩክ ሳይጣራ ብር አይንቀሳቀስ።

አንድ አባል፦ ይህ ሁሉ ለምን? ኤሌክትሪክ ግዙና ተገላገሉ። ምንም ታክስ የለውም።

ሌላ አባል፦ አለው እንጂ! ያጎቴ ልጅ ቀረጥ ከፍሎ ነው ያስገባው። ደግሞ ኤሌክትሪክ ገዝተህ ጊቤን ወርደህ ስትወጣ ባትሪው ቢያልቅ ማን ይጎትትሃል?

የመጀመሪያው አባል፦ ወልቂጤ ላይ ትሞላለህ። ቁልቁለት ላይ ባትሪው ራሱን እንደሚሞላ አታውቅም?

ሌላ አባል፦ ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ነው ወንድሜ። ዝናብ አለ፣ ጭነት አለ። ቁልቁለቱ ብቻ አያደርስህም።

መልስ፦ ባትሪውን ሌላ ቀን ተከራከሩበት። ታክሱን ግን ላስተካክል። በ2014 በተወሰነው መሠረት ኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይዝ፣ ከቫትና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርጎ ነበር። የጉምሩክ ቀረጡ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለመጣ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ፈርሶ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠም ዜሮ ነበር። እንዲህ ያለ ውሳኔ በየጊዜው ይሻሻላል፣ ከማስገባታችሁ በፊት የዕለቱን ከጉምሩክ ጠይቁ። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ሲከለከል ነው ያገለገለ ነዳጅ መኪና ዋጋው እንዲህ የተሰቀለው፣ ማጭበርበሩም አብሮ በዛ። ደግሞ አትርሱ፣ ኤሌክትሪክም ቢሆን ስሙ ሲዞር ቴምብር አለ። ሲገባ ያገኘው ነፃ መብት እዚያ መስኮት ላይ አይሠራም።

ጥያቄ፦ መኪናው የባንክ እዳ እንዳለበት በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ፋይሉ ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደሽ ከእዳና ከእግድ ነፃ መሆኑን አጣሪ እህቴ። ፋይሉ አዲስ አበባ ከሆነ እዚያው። የ2011ዱ የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ አዋጅ ከወጣ ወዲህ መያዣ የሚመዘገብበት መዝገብ አለ፣ ባንክ የሚያውቅሽ ሰው ካለ አስፈትሺ። ሻጩ «ነገ እከፍለዋለሁ» ካለሽ ከፍሎ የባንኩን መልቀቂያ ደብዳቤ ያምጣ።

ጥያቄ፦ ቀብድ ከፍዬ ሻጩ ሐሳቡን ቢቀይርስ?

መልስ፦ እጥፉን ይመልሳል። አንተ ከቀየርክ ቀብድህ ይቀራል። ሕጉ ነው። ግን ቀብድ መሆኑ ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ታክሱ ስንት ነው ግን በአጠቃላይ?

መልስ፦ በአጠቃላይ የሚባል የለም! የመኪናውን ዓይነት፣ ኮዱን፣ ሲሲውን፣ የሻጩን ማንነት ጻፉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። አሁን ሻጩን ፈረንጅ አራዳ ሰፈር አግኝቼው ሊብሬውን አየሁት። ፒክአፕ፣ ኮድ 3። የሚሸጥልኝ ባለቤቱ አይደለም፣ ውክልና ይዞ ነው። ሊብሬው ላይ «ከቀረጥ ነፃ» የሚል ማህተም አለ፣ ደብዘዝ ብሏል። ነገ ጠዋት 100,000 ብር ቀብድ ልሰጠው ነበር።

መልስ፦ ብሩን እንዳትሰጠው። ሊብሬውን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሳው። የሻንሲ ቁጥሩንም አንሳ። ባለቤቱ በሕይወት መኖሩን በራሱ ስልክ አናግረህ አረጋግጥ። ዲክላራሲዮኑን ጠይቀው፣ ቀረጡ ተከፍሏል ካለ ደረሰኙን ያሳይህ። ነገ 3 ሰዓት ላይ ወረቀቶቹን ይዘህ ና፣ አብረን እናያቸዋለን።