በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለችው ሦስት ሰከንድ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ፊልም ስቆርጥና ስቀጥል ነው። እንዳነብላችሁ የምትሰጡኝ የኮሜዲ ስክሪፕት አብዛኛው ሆድና ጀርባ የሆኑ ሁለት ሰዎች ወዳጅ ሲሆኑ የሚያሳይ ነው። በራሱ ኪስ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው፤ ብዙ ተዋናይ አይፈልግም፣ ብዙ ቦታም አይፈልግም። የምፈራላችሁ እኔ በወጣትነቴ የሠራሁትን ስህተት ነው።

ያኔ በያዝኩት ፊልም ውስጥ ጡረታ የወጡ የሂሳብ ሠራተኛና ከግድግዳው ማዶ ሌሊት ሌሊት ጥሩምባ የሚለማመድ ጎረምሳ አሉ። አንድ ሌሊት ሽማግሌው ሲመርራቸው ትራስ ይዘው ሄደው በሩን ያንኳኳሉ፤ ጥሩምባው አፍ ውስጥ እንዲወትፈው ነው ሐሳባቸው። ልጁ ከፍቶ ትራሱን ያያል። ስጦታ መስሎት «አመሰግናለሁ አባባ» ይልና ተቀብሎ ይዘጋዋል።

እኔም በሩ እንደተዘጋ ቆረጥኩት፤ ቀልዱ አለቀ ብዬ። ለሙከራ ስናሳየው ከአዳራሹ ትንፍሽ ያለ የለም። ዳይሬክተሯ ዞር ብላ «ፊታቸውን የት አደረስከው?» አለችኝ። ከጣልኩት ውስጥ ፈልጌ መለስኩት፦ ባዶ እጃቸውን ያያሉ፣ በሩን ያያሉ፣ እንደገና ሊያንኳኩ ጣታቸውን ያነሡና መልሰው ያወርዱታል። ሦስት ሰከንድ፤ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ሲታሰብ 72 ፍሬም። በሁለተኛው ሙከራ አዳራሹ ሳቀ፤ ሽማግሌውንም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደዳቸው። ጓደኝነቱ የተጀመረው ለካ እጃቸውን ሲያወርዱ ኖሯል።

የእኛን ሙያ ሰው ሃል አሽቢን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1968 በኤዲቲንግ ኦስካር የወሰደ ሰው ነው። በ1971 «ሃሮልድ ኤንድ ሞድ»ን ዳይሬክት አደረገ፤ ሞት ሞት የሚለው ወጣትና 79 ዓመት የሞላቸው ሴት። ልጁ ሊያጩለት የመጣችውን ልጃገረድ በውሸት ሞት ካስበረገገ በኋላ ቀስ ብሎ ወደ ካሜራው ዞሮ ፈገግ ይላል። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን እዚያ ከመድረሱ በፊት ያስቆርጠው ነበር። ፊልሙ በወጣ ጊዜ ገበያ አላገኘም፤ ወዳጅ ያፈራው ከዓመታት በኋላ ነው።

ሌላው ነገር፣ ሁለቱን ገጸ ባህሪያችሁን አንድ ፍሬም ውስጥ አብራችሁ አኑሯቸው። አንዴ የእሷን ፊት አንዴ የእሱን እያላችሁ ስታፈራርቁ፣ አንድ ሶፋ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች መቀስ ይለያያቸዋል። ገጸ ባህሪውንም በባርኔጣና በመነጽር ብቻ ለየት ያለ ሰው አታድርጉት፤ ይህ አሁን አሁን በዝቶብኛል።

በዚያ በእኔ የጥሩምባ ፊልም መጨረሻ ሽማግሌውና ልጁ ተቃቅፈው «ጓደኛዬ ነህ» የሚባባሉበት ትዕይንት ተቀርጾ ነበር። ዝናብ ነበረው፣ ለቅሶ ነበረው፣ ግማሽ ቀን ፈጅቷል። አወጣነው። በምትኩ የቀረው በር ሲንኳኳ ነው፤ ሽማግሌው ይከፍታሉ። ልጁ ትራሱን አጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮለት ቆሟል።